ሐዋሳ፦ ጂ+1 ቤት ከመረከቤ በፊት ማን ይፈትሽልኝ? ምን ምንስ ይታይ?

በረንዳ፦
ሰላም ለቤቱ። ወደ ሐይቁ ዝቅ ባለ ሰፈር ያሠራሁትን ጂ+1 ቤት ልረከብ ነው። ቦታው 200 ካሬ፣ ግድግዳው የፑሚስ ብሎኬት፣ ላዩ ግማሹ ቴራስ ግማሹ ቆርቆሮ። ቀለሙ፣ ሴራሚኩ፣ የጂፕሰም ኮርኒሱ ሁሉም አልቋል። በውሉ መሠረት የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ርክክብ ሲፈረም ነው፤ ተቋራጩ ደግሞ «መጥተህ እየውና ፈርም» እያለ ነው። ገለልተኛ ባለሙያ ማስገባት እፈልጋለሁ። አንድ ሲቪል መሐንዲስ ይበቃል? ምን መሣሪያ ይዞ ይምጣ? አንድ ነገር ደግሞ፦ ፎቅ ላይ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ አለ። «የልስን ነው» ተብያለሁ። ይታመናል?

ቱንቢ፦
እዚህ «ቤት ፈታሽ» ብለህ አንድ ሰው ቀጥረህ ሁሉን አታስጨርስም፤ ሰዎቹን ራስህ ታሰባስባለህ። የተመዘገበ ሲቪል መሐንዲስ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ለግማሽ ቀን አንድ የቧንቧ ሠራተኛ። ሦስቱም ከተቋራጩም ሆነ ሥራውን ከተቆጣጠረው ሰው ጋር ንክኪ የሌላቸው ይሁኑ። ከመሐንዲሱ ጋር ስትነጋገር ክፍያው ሁለት ነገር እንዲይዝ ተስማማ፦ ክፍል በክፍል ከፎቶ ጋር የተጻፈ ሪፖርት፣ እና ጥገናው ካለቀ በኋላ አንዴ ተመልሶ ማየት። ሁለተኛው ከሌለ የጉድለት ዝርዝሩ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ከመምጣቱ በፊት የጸደቀውን ፕላን ከነስትራክቸሩ፣ የአርማታውን ኪዩብ (ለጥንካሬ ፈተና የተወሰደ የአርማታ ናሙና) የ7 እና የ28 ቀን ውጤት፣ ልስን ሳይመታ የተነሱ ፎቶዎችን ሰብስብለት። መጀመሪያ የሚያየው ቤቱ ከፕላኑ ጋር መግጠሙን ነው፦ የኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ብዛትና ልክ፣ ፕላኑ ላይ የሌለ በረንዳ ወጥቶ እንደሆነ።

ስንጥቁን በሩቅ አይቶ መፍረድ አይቻልም። የመስኮት ጥግ ጫና የሚጠራቀምበት ቦታ ስለሆነ ልስን ሲደርቅ ብቻውን እዚያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። ከውጭ በኩል ዞረህ እይ። በዚያው ቦታ ከውጭም ከታየ፣ አንዱ ጫፍ ሰፍቶ ሌላው ከጠበበ፣ ወይም የብሎኬቱን መገጣጠሚያ ተከትሎ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ከወረደ የልስን ነው የሚለውን አትቀበል። መሠረቱ በአንድ በኩል ሰጥሞ ወይም የመስኮቱ ሊንተል (ከመስኮቱ በላይ ያለው አግድም አርማታ) ግራና ቀኝ በቂ ሳይገባ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ በየጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ማረፍ ነበረበት። ቀለሙን ፍቀህ ስንጥቁ ላይ የሦስት ጣት ስፋት ያለው ስስ ጂፕሰም ለጥፍና ቀን ጻፍበት። ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው።

ከቢም (አግድም የአርማታ ተሸካሚ) ሥር አግድም፣ ኮለንና ብሎኬት በሚገናኙበት ደግሞ ቁልቁል የሚወጣው ቀጥ ያለ ስንጥቅ ሌላ ጉዳይ ነው። አርማታና ብሎኬት እኩል አይሰፉም፣ እኩል አይሰበሰቡም፤ ከልስኑ ሥር መረብ ሽቦ ካልገባ ይላቀቃሉ። ቤት አይጥልም፣ ስቱኮ ብትሞላው ግን ይመለሳል። ግራና ቀኝ 10 ሳንቲ ሜትር ልስኑ ተነስቶ፣ ሽቦ ተመትቶ ነው የሚጠገነው።

የመሬት መንቀጥቀጥ በሚያሰጋው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆንን ስታፋውን (የኮለኑን ፌሮዎች ዙሪያውን የሚያስረውን ቀለበት) አትርሱ። ኮለኑ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ ላይ ስታፋ ከመሃሉ ይልቅ መጠጋጋት አለበት። የፌሮ መፈለጊያ መሣሪያ ልስን ሳያፈርስ ይህን ያሳያል።

ጠጠር፦
ሽሚት ሀመርም (አርማታን እየመታ የሚለካ መሣሪያ) ይጨመር እንጂ! የአርማታውን ጥንካሬ እዚያው ይነግርሃል።

ቱንቢ፦
ጠጠር፣ እሱ የሚለካው የገጹን ጥንካሬ ነው። በልስን ላይ ከተመታ ቁጥሩ ዋጋ የለውም፤ ልስኑ ተነስቶ፣ አርማታው ተፍቆ፣ አንድ ቦታ ላይ ቢያንስ 9 ጊዜ ተመትቶ ነው የሚወሰደው። የሚጠቅመውም አንዱን ኮለን ከሌላው ለማወዳደር ነው። ከዚያ በፊት የኮለኖቹን ግርጌ በትንሽ መዶሻ ማንኳኳት ይሻላል፤ ቫይብሬተር (አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠጋጋው መሣሪያ) ሳይደርስ ቀርቶ ጠጠሩ ያፈጠጠው፣ በኋላ በልስን የተሸፈነው፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ፍሳሽ፦
ዝቅ ያለ ሰፈር ካልክ እኔ ከስንጥቁ በፊት ውሃውን ነው የማይ። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ በዳርቻው የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው፣ ከክረምት በኋላ ደግሞ ይነሳል።

ሴፕቲክ ታንኩን ክፈት። ቤቱ ሰው ካልገባበት ውስጡ ደረቅ መሆን አለበት። ውሃ ካቆረ ወይ ዝናብ በክዳኑ ገብቷል፣ ወይ የከርሰ ምድር ውሃ በግድግዳው እየገባ ነው። አስመጥጠህ በማግሥቱ እይ፤ ዝናብ ሳይዘንብ ከተመለሰ ሁለተኛው ነው። በሚገባበት መንገድ ፍሳሹም ይወጣል፣ በዝናብ ወራትም በየጊዜው መምጠጫ መኪና ትጠራለህ። እንዲህ ባለ ቦታ የማስረጊያ ጉድጓድም አያሰርግም፤ ውሃ የማያሳልፍ ታንክና መኪናው የሚደርስበት መንገድ ነው የሚያዋጣው።

የምድር ቤቱን ግድግዳ ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ተመልከት። ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው፣ የሚላጥ ቀለም፣ ወይም እዚያች ከፍታ ላይ ብቻ አዲስ የተቀባ ቀለም ካለ እርጥበት እየሳበ ነው፤ ፑሚስ ብሎኬት ውሃ ይስባል። ለማረጋገጥ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገህ 24 ሰዓት ተው። ጠብታው ከላስቲኩ ሥር ከሆነ ከግድግዳው የመጣ ነው፤ በላዩ ከሆነ የክፍሉ አየር ነው።

ቴራሱን በውሃ ፈትኑ። መውረጃውን ድፈንና ከፍተኛው ቦታ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ ሙላ። 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ በካሬ 50 ኪሎ ስለሆነ እዚያ ቦታ ላይ ከ3ቱ ሳንቲ ሜትር አትለፍ። የውሃውን ልክ በእርሳስ ምልክት አድርግ፣ አጠገቡም ውሃ የሞላ ባልዲ አስቀምጥ፤ ከባልዲው የጎደለው ትነት ነው፣ ቴራሱ ከባልዲው ይበልጥ ከጎደለ ያፈሳል። 48 ሰዓት ይቆይ። ከሥር የኮርኒሱን መብራት አውልቀህ በስልክ ባትሪ ወደ ላይ እይ። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ጥጉ ነው፦ ሜምብሬኑ (ውሃ የማያሳልፈው ንጣፍ) ወደ ግድግዳው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር መውጣት ሲገባው ወለሉ ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ስትለቀው ደግሞ የሚያቁር ቦታ መኖሩን እይ፤ ተዳፋቱ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ነው።

ባኞ ቤቶቹን በተመሳሳይ መንገድ፣ ግን 24 ሰዓት ይበቃል። ሴራሚኩን በሳንቲም አንኳኳ፤ ጥግ ጥጉ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ሲሚንቶው መሃል ላይ ብቻ ተጥሏል።

የፒፒአር (የፕላስቲክ) ቧንቧውን ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) ባለው የእጅ ፓምፕ ከሚሠራበት ግፊት 1.5 እጥፍ አድርሰህ 2 ሰዓት ተው፤ ቦይለሩን መጀመሪያ ዝጋበት። ሮቶው ከሻወሩ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ 0.3 ባር ገደማ ነውና የሻወር ማሞቂያ ላይነሳ ይችላል። ይህ ጉድለት ሳይሆን ፓምፕ የሚያስፈልገው ነገር ነው።

ኮረንቲ፦
ሁሉም ሴራሚክ ያያል፣ የብሬከር ሳጥኑን የሚከፍት የለም። የእንጀራ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ከሶኬቶቹ ጋር በ2.5 ካሬ ሽቦ ከተጋራ 16 አምፔሩ ብሬከር እየወረደ ያስቸግራል፣ ከዚያ አንዱ መጥቶ በ25 ይቀይረዋል፣ ያኔ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል። ለምጣድ ራሱን የቻለ 4 ካሬ መስመር፣ መንገዱ ረጅም ከሆነ 6 ካሬ፣ ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር። ምጣዱን ሰክተህ ግማሽ ሰዓት አግለው፤ ሶኬቱ ወይም ብሬከሩ ካቃጠለ ቪቱ አልጠበቀም።

የሶኬት ሦስተኛው ቀዳዳ ብዙ ቤት ከምንም ጋር አልተያያዘም። ኧርዙን (ወደ መሬት የሚወርደውን መስመር) በመሣሪያ አስለካ፤ ከ10 ኦም በታች ቢሆን ጥሩ ነው። በደረቅ ወር አስለካ፣ ዝናብ ላይ ቁጥሩ ያሞኛል። 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ) ከሌለ ይጨመር።

አንቀጽ፦
የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 ተቋራጩ ለሥራው በአግባቡ መሠራትና ለሕንፃው ጥንካሬ 10 ዓመት ዋስ እንደሆነ ይላል፣ ከአፈሩ ጠባይ የሚመጣውንም ጨምሮ። አንተ በቀጥታ ከተቋራጩ ጋር ስለተዋዋልክ ይመለከትሃል። ያም ሆኖ በዓይን የሚታይ ጉድለት ሳታስመዘግብ ከፈረምክ በኋላ መከራከር ከባድ ነው። «ጊዜያዊ ርክክብ» ብለህ ፈርም፣ የጉድለት ዝርዝሩን አባሪ አድርግ፣ እያንዳንዱ ተራ ቁጥር የጥገና ቀን ይኑረው።

በረንዳ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ተቋራጩን ስለ ቴራሱ ጠየቅኩት። «ኮርኒሱ ይበላሻል፣ አላስሞላም» አለኝ።

ፍሳሽ፦
ኮርኒሱ የሚበላሸው ካፈሰሰ ነው፤ መልሱን ራሱ ሰጥቶሃል። ፈተናውን እንደከለከለ በጽሑፍ አስፍር፤ የቴራሱን ክፍያ ከመጨረሻው ለይተህ ያዝ። እሺ ካለ ደግሞ ከመውረጃው ተቃራኒ ባለው ጥግ ሥር አንድ የኮርኒስ መብራት አውልቃችሁ ጀምሩ።