አንሶላ ስትገዙ ቁጥሩን መጨረሻ ላይ እዩት

ሠርግ ሲደራረብ፣ ሰው አዲስ ቤት ሲገባ አንድ ጥያቄ ይበዛል፦ «አንሶላ የት ልግዛ? ስንት ቁጥር ነው ጥሩው?» የኔ ጥቆማ አጭር ነው። መጀመሪያ ጥጥ መሆኑን አረጋግጡ። ቀጥሎ ሽመናውን እዩ። ማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ቁጥሩ በአንድ ኢንች ካሬ ጨርቅ ውስጥ ያሉት የድርና የማግ ክሮች ድምር ነው። ትሬድ ካውንት ይባላል። ለጥጥ አንሶላ ከ200 እስከ 400 ያለው በቂ ነው። ብዙ ሆቴሎች የሚያነጥፉትም ከ200 እስከ 300 ያለውን ነው። አንድ ኢንች ውስጥ የሚገባው ክር ልክ አለው። 1000 የሚል ስታዩ ብዙ ጊዜ የተደረገው ይሄ ነው፦ ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ይገመዱና እያንዳንዱ ለብቻው ይቆጠራል። 250 የነበረው፣ ክሩ በአራት የተገመደ ከሆነ 1000 ተብሎ ይወጣል። ጨርቁ ይከብዳል እንጂ አይሻልም።

ራሳችሁ መቁጠር ትችላላችሁ። ጨርቁ ላይ ማስመሪያ አስቀምጡ፣ በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ አንሱት፣ ፎቶውን አጉሉና አንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያለውን ክር ቁጠሩ። ወደታች 45፣ ወደጎን 35 ካገኛችሁ ድምሩ 80 ነው። በ2.54 ስታባዙት 203 ይመጣል። እንደዚህ ዓይነቱ አንሶላ «600» የሚል ከተለጠፈበት አትግዙት።

«የግብጽ ጥጥ» የሚለው ጽሑፍም ብቻውን አያሳምናችሁ። ጥሩ የግብጽ ጥጥና ፒማ የሚባለው የጥጥ ዓይነት የሚወደዱት ጭራቸው፣ ማለትም ክር የሚፈተልበት ቀጭን ፀጉር፣ ረጅም ስለሆነ ነው። ከ34 ሚሊሜትር በላይ ይሆናል፤ ተራው ጥጥ 28 አካባቢ ነው። ጭራው ሲረዝም ክሩ ለስላሳና ጠንካራ ይሆናል፣ ቶሎ አይሳሳም። ግን ስሙ ገበያ ስላለው ይለጠፋል። ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ታርጌት የተባለው ትልቁ የአሜሪካ መደብር ዌልስፐን ከተባለው የህንድ አምራች ጋር የነበረውን ሥራ ያቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ለሁለት ዓመት ገደማ የግብጽ ጥጥ ተብለው የተሸጡት አንሶላዎች በሌላ ጥጥ የተሠሩ ሆነው ተገኙ። እዚያ እንዲህ ከሆነ እኛ ገበያ ላይ መጠንቀቅ ተገቢ ነው።

መርካቶ ውስጥ በብዛት የምታገኙት ማይክሮፋይበር ነው። ይህ ፖሊስተር ነው። የሚለካውም በክር ቁጥር ሳይሆን በክብደት፣ በካሬ ሜትር ስንት ግራም ተብሎ ነው። ስለዚህ ማይክሮፋይበር ላይ 1500 የሚል ቁጥር ምንም አይነግራችሁም። ሱቅ ውስጥ ስትዳስሱት በጣም ይለሰልሳል። ሌሊት ግን ላብ አይመጥም፣ እየቆየም ላዩ ላይ ትንንሽ የክር እንክብሎች ያወጣል።

መለያው ቀላል ነው። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዙና ውጭ ላይ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ከሆነ ይኮማተርና ይቀልጣል፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ጠጣር ነገር ይቀራል። አመድም ጠጣርም ካያችሁ ቅልቅል ነው።

አሁን ወደ ሽመናው። ፐርኬል ማለት ማጉ አንድ ከላይ አንድ ከታች እያለ የሚሄድበት ነው። አቡጀዲ የሚሠራውም እንደዚሁ ነው፤ የፐርኬል ክር ግን የቀጠነና የጠበቀ ነው። አየር ያስገባል፣ ቀዝቀዝ ይላል፣ ትንሽ ይጨማደዳል። ሳቲን ላይ ክሩ ሦስት አራት ክር ዘሎ ነው አንዱ ሥር የሚገባው። ስለዚህ ያብረቀርቃል፣ ይለሰልሳል፣ ሙቀትም ይይዛል። የዚያኑ ያህል ጥፍርም ቁልፍም ቶሎ ይመዘዋል። ለድሬዳዋ፣ ለአዳማ፣ ለሐዋሳ ያለ ጥርጥር ፐርኬል። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ላሉ የጥጥ ሳቲን ብርዱን ያለዝባል። የሠርግ ተብሎ የሚሸጠው የሚያዳልጥ ሳቲን ግን አብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ክብሪቱን አትርሱ።

ሽመና ስትመርጡ ማን እንደሚያጥበውም አስቡ። ይሄን ማንም ሻጭ አይነግራችሁም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በእጅ የሚታጠብ ወፍራም ሳቲን መከራ ነው። ውሃ ይጠጣል፣ ለመጭመቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ክረምት ላይ ገመድ ላይ ውሎ አድሮም እርጥቡን ይገባል። ቀጭን ፐርኬል አንድ ሰው ይጨምቀዋል፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል ይደርቃል። በእጅ ለሚታጠብበት ቤት ከ400 በላይ ቁጥር ጭራሽ አልመክርም።

ከአገር ውስጥ የኮምቦልቻና የባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችን አንሶላ ካገኛችሁ ዕድል ስጡት። አዲስ ሳለ ደረቅ የሚል ጨርቅ አያስፈራችሁ። ስታርች ሊሆን ይችላል፣ ሲታጠብ ይለቃል። ይልቅ ሁለቱን ገጽ እርስ በርስ ፈትጉት፤ ነጭ ዱቄት ከረገፈና ጨርቁ ወዲያው ከሳሳ ተዉት።

ከሁሉም የምወደው ግን መርካቶ ከጨርቅ ተራ የጥጥ ጨርቅ በሜትር ገዝቶ ሰፈር ካለ ልብስ ሰፊ ጋር ማሰፋት ነው። ጨርቁን ዘርግታችሁ ታዩታላችሁ፣ ልኩም የአልጋችሁ ይሆናል። ሜትር ከሃምሳ ስፋት ላለው፣ 30 ሴንቲሜትር ውፍረት ላለው ፍራሽ እንዲህ አስሉት፦ 150፣ ለሁለቱ ጎን 60፣ ከሥር ለሚታጠፈው 30፣ ድምሩ 240። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚገባ ሌላ 12 ሴንቲሜትር ጨምሩ። ወይም ጨርቁን መጀመሪያ አጥባችሁ አሰፉት። በአንድ ወርድ ካልበቃ መጋጠሚያው መሐል ጀርባ ላይ እንዳይውል ወደ ጎን እንዲያደርገው ለሰፊው ንገሩት።

አሜሪካ ያለ ዘመድ «ምን ላምጣ?» ካለ «ጥጥ ፐርኬል፣ 300፣ ፒማ» በሉት። ልኩንም አብራችሁ ላኩ። የእነሱ ኩዊን 152 በ203 ሴንቲሜትር ነው፤ ሜትር ከሃምሳ በ190 ፍራሽ ላይ ላስቲክ ያለው አንሶላ በርዝመቱ ይላላል። ፉል የሚሉት 137 በ190 ነው፣ ለሜትር ከሃያ አልጋ ሰፊ ይሆናል። ላስቲክ የሌለው ቢመጣ ልኩ ብዙ አያስቸግርም።

ፖሊስተር ቅልቅል ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። የእንግዳ ማረፊያ ለከፈተ ወይም ሌሊት አልጋ ላይ የሚሸና ልጅ ላለው ግማሽ በግማሽ የሆነው ጥሩ ነው። ቶሎ ይደርቃል፣ ካውያ ብዙ አይጠይቅም።

የሽሮ ሜዳ የእጅ ሥራ ለሚወድ፦ ጋቢና የአልጋ ልብስ ከላይ ይደረብ። የእጅ ሽመና ላላ ስለሚል ከሥር ሲነጠፍ ይሸሻል፣ ይለጠጣል። እንደ ሳባሃር ያሉ አዲስ አበባ ውስጥ በእጅ የሚያሠሩ ድርጅቶችን የአልጋ ልብስና ፎጣም እዩ፤ የአገራችን ሸማኔ እጅ ምን ያህል እንደሚችል ያሳያል።

ላውንደሪ የምትሰጡ ከሆነ በረኪና እንዳያበዙበት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ነጭ ጥጥም ቢሆን በረኪና ሲደጋገምበት ክሩ ይሞታል፤ መጀመሪያ የሚቀደደውም ትከሻ የሚያርፍበት ቦታ ነው።