ዊንዶው ካስቀየርኩ በኋላ ስክሪኑ ተለጥጦ ቀረ፣ ኢፌክቱም ጠፋ፣ የሚያውቅ ካለ

ፍኖተ_ጽሕፈት
ሰላም ጎበዝ እንዴት አላችሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ፣ የሰርግ ካርድ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ማመልከቻ ምናምን ነው የምሰራው። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ኮር አይ5 የሚል ተለጥፎበታል፣ ራሙ 4 ጊጋ ነው። ቫይረስ ስለበዛበት ለሰው ሰጥቼ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶው 10 ተጭኖ መጣልኝ ግን ስክሪኑ እንደ ድሮው አይደለም፣ ፊደሉ ሁሉ ትልልቅ ሆኗል ደብዘዝም ይላል፣ የሰው ፊት ወደ ጎን ይሰፋል፣ አንዷ ደንበኛዬ ጉርድ ፎቶዋን ስክሪኑ ላይ አይታ "ኧረ እኔ እንዲህ አላበጥኩም!" ብላኝ አረፈች፣ ለካርድ ክብ ነገር ስስልም ክብ አይሆንም ወደ ጎን ይሄዳል። ከስክሪኑ ታች ያለው ስታርት ያለበት መስመር ድሮ ከኋላው ያለውን በስሱ ያሳይ ነበር አሁን ድፍን ብሏል። ገጽ ወደ ታች ሳወርድ ይንቀጫቀጫል፣ ብርሃን መቀነሻውም የለም፣ ቪዲዮ ከከፈትኩ ደሞ ፋኑ ይጮሃል። ሪዞሉሽን ልቀይር ስል ከ1024 በ768 በላይ አያስመርጠኝም።
ያስተካከለውን ሰው ስጠይቀው "ግራፊክሱ ተቃጥሏል አርጅቷል ሌላ ግዢ" አለኝ። ጥር እየመጣ ነው፣ የሰርግ ካርድ ሥራ የሚበዛበት ሰዓት ነው፣ አሁን ሌላ መግዛት የማይታሰብ ነው። እውነት ተቃጥሎ ነው ወይስ መላ አለው? ጀማሪ ነኝ በቀላሉ አስረዱኝ።

ማርቆስ_አራዳ
ወንድሜ ራሙን 8 አርገው በቃ። 4 ጊጋ ለዊንዶው 10 አይበቃም ለዛ ነው የሚንቀጫቀጨው

ፍኖተ_ጽሕፈት
እህትህ ነኝ :) እሺ ግን ከፎርማቱ በፊትም 4 ነበረ፣ ያኔ ደህና ነበር

ጣና_ዳር
ራም አትግዢ እህቴ። ራም ቢያንስ ኮምፒውተሩ ይዘገያል እንጂ የሰው ፊት አያሰፋም፣ ብርሃን መቀነሻም አያጠፋም። የጻፍሻቸው ምልክቶች ሁሉ አንድ ቦታ ነው የሚያደርሱት፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ዊንዶውን ስዕል ከሚያወጣው ክፍል ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አልተጫነም። እኔ ባህር ዳር ጥገና ላይ ነው የምውለው፣ "ግራፊክሱ ተቃጥሏል" ተብሎ ከሚመጣልኝ ውስጥ ብዙው ድራይቨር ነው።
ምን ሆኖ መሰለሽ፣ ዊንዶው እንደ አዲስ ሲጫን ያንቺን ግራፊክስ ማን እንደሆነ ካላወቀው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ እንዳይቀር ብቻ የራሱን መነሻ ድራይቨር ያስገባል፣ ለማንም እግር እንዲሆን ተብሎ የተሰፋ ጫማ በይው፣ ያስኬዳል ግን ለማንም ልክ አይደለም። በሱ ላይ ስዕል የማውጣቱን ሥራ ግራፊክሱ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ነው የሚሸከመው፣ ለዛ ነው ቪዲዮ ስትከፍቺ ፋኑ የሚጮኸው። ብርሃን መቀነስ አይችልም፣ በኤችዲኤምአይ ሁለተኛ ስክሪን ብትሰኪም አያወጣም፣ መዝጊያው ላይ ስሊፕ የሚለውም ሳይጠፋ አይቀርም እስቲ እዪው። ፊት የሚሰፋው ደሞ የላፕቶፕሽ ስክሪን 1366 በ768 ይሆናል ብዬ ነው (የዛ ዘመን ላፕቶፕ ብዙው እንደዛ ነው)፣ 1024ቱን ስቦ 1366 ላይ ሲዘረጋው ቁመቱ እንዳለ ሆኖ ስፋቱ በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ፋይሉ ላይ ምንም አልተነካም፣ ያቺ ልጅ ፎቶዋ ሲታተም ትክክለኛ መልኳ ነው የሚወጣው፣ እስከዛው ሥራሽን አታቁሚ።
አሁን ይሄን አርጊ። ስታርት ላይ ራይት ክሊክ፣ ዲቫይስ ማናጀር የሚለውን ክፈቺ፣ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ከሚለው ጎን ያለችውን ቀስት ተጫኚያት። "ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር" ካለሽ ነገሩ እንዳልኩሽ ነው፣ ምንም አልተቃጠለም። እሱ ላይ ራይት ክሊክ አርገሽ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ ግቢና ከዝርዝሩ ሃርድዌር አይዲስ የሚለውን ምረጪ፣ ረጅም የተደበላለቀ ጽሑፍ ይመጣል። ከሱ ላይ ቬን ከሚለው ቀጥሎ ያለውን አራት አሃዝና ዴቭ ከሚለው ቀጥሎ ያለውን አራት አሃዝ ጻፊልኝ። ቬኑ 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፣ 10ዲኢ ከሆነ ኤንቪዲያ፣ 1002 ከሆነ ኤኤምዲ።

ቡሬ_ኔት
ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ክሊክ የሚጭኑ ፕሮግራሞች አሉ እኮ እሱን አውርጂና ሂጂ

ጣና_ዳር
@ቡሬ_ኔት ለሷ አይነት ሰው አልመክርም። ብዙዎቹ ድራይቨሩን ይጭኑና ከጎኑ ያላዘዝከውን ብሮውዘርና ማስታወቂያ ይዘው ይገባሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ የማይገጥም ድራይቨር አስገብተው ድምፁን ወይ ዋይፋዩን ይዘውት ይሄዳሉ። አሁን በቫይረስ ምክንያት ፎርማት አስደርጋ መልሳ ታስገባ?

ፍኖተ_ጽሕፈት
አገኘሁት!! ልክ ነህ ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር ነው የሚለው። ቬን 8086፣ ዴቭ 0116። ስሊፕ የሚለውም ጠፍቷል አንተ ስትል ነው ያየሁት። ግን ዋይፋይም እምቢ ብሎኛል፣ ኢንተርኔት ከየት አመጣለሁ?

ጣና_ዳር
በጣም ሸጋ። 8086 ኢንቴል ነው፣ 0116 ደግሞ ኢንቴል ኤችዲ ግራፊክስ 3000 ነው፣ ሁለተኛው ትውልድ። ፕሮሰሰሩም ከአይ5 ቀጥሎ በ2 የሚጀምር አራት አሃዝ ይኖረዋል። ለዚህ ግራፊክስ ኢንቴል ራሱ ለዊንዶው 10 የሚጫን አላወጣም፣ ስለዚህ ድረ ገጽ ለድረ ገጽ እየዞርሽ ዳታሽን አትጨርሺ፣ የሚሰራው ድራይቨር የሚመጣው በራሱ በዊንዶው አፕዴት በኩል ነው።
ለኢንተርኔቱ አንድሮይድ ስልክ ካለሽ በቻርጀር ገመዱ ላፕቶፑ ላይ ሰኪው፣ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት ያለበት ቦታ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚል አለ እሱን አብሪው፣ ዋይፋይ ድራይቨር ባይኖርም ኮምፒውተሩ በገመዱ ኢንተርኔት ያገኛል። ከዛ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቤዚክ የሚለው ላይ ራይት ክሊክ፣ አፕዴት ድራይቨር፣ ከዛ አውቶማቲክ ፈልግ የሚለው። አላገኘሁም ካለሽ ሴቲንግስ፣ አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ፣ እዛ ቪው ኦፕሽናል አፕዴትስ ውስጥ ድራይቨር አፕዴትስ የሚለው ስር ኢንቴል ዲስፕሌይ ብሎ ይጠብቅሻል፣ ምልክት አርገሽበት አውርጂ። የድራይቨሩ ቀን የቆየ ነው ብለሽ እንዳትተይው ለዚህ ግራፊክስ አዲስ የሚባል የለም። ሲጭን ስክሪኑ ጥቁር ብሎ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ እንዳትደነግጪና ፓወሩን እንዳትጫኚው፣ መብራት ሊሄድ ስለሚችል ባትሪሽ ካለቀ አስቀድመሽ ቻርጅ አርጊ። ሲጨርስ ሪስታርት።

ደጀን_ላይ
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፣ እውነት የተቃጠለውን ከድራይቨሩ በምን ትለየዋለህ? የኔ ስክሪን ላይ ቀጭን ቀጭን መስመር ይታያል

ጣና_ዳር
ዊንዶው ሳይነሳ እይው። ኮምፒውተሩን አብርተህ ወዲያው ኤፍ2 ወይ ኤፍ10 ወይ ዲሊት (እንደ ላፕቶፑ ነው) እየደጋገምክ ተጫን፣ ባዮስ የሚባለው ደረቅ ገጽ ይመጣል። እዛ የዊንዶው ድራይቨር ገና አልተነሳም። መስመሩ እዛም ካለ ችግሩ አካሉ ላይ ነው፣ ገመዱ ወይ ስክሪኑ ወይ ግራፊክሱ። ቴሌቪዥን ላይ በኤችዲኤምአይ ሰክተህ ደግሞ ሞክር፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ንጹህ ሆኖ ላፕቶፑ ላይ መስመር ካለ ስክሪኑ ወይ የስክሪኑ ገመድ ነው፣ ክዳኑን ስታንቀሳቅስ መስመሩ ከጠፋ ከመጣ ገመዱ ነው የሚባለው። ባዮስ ላይ ንጹህ ሆኖ ዊንዶው ሲገባ ብቻ ከመጣ ግን መጀመሪያ ድራይቨሩን ነካካ።

የዳንግላዋ
የኔ ደሞ አፕዴት አርጎ ካደረ ጀምሮ ስክሪኑ ይርገበገባል አንዳንዴም ጭራሽ ጥቁር ይላል፣ ድምፁ ግን ይሰማል

ማርቆስ_አራዳ
@የዳንግላዋ ጥቁር ሲልብሽ ፓወሩን ከመጫንሽ በፊት የዊንዶው ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት ሦስቱን ይዘሽ የእንግሊዝኛዋን ቢ ተጫኚ። ጢጥ ብሎ ስክሪኑ ይመለሳል፣ ግራፊክስ ድራይቨሩን ብቻ ነው የሚያስነሳው፣ የከፈትሽው ጽሑፍ አይጠፋም። ለመርገብገቡ ደሞ ኮንትሮል ሺፍት ኢስኬፕ ብለሽ ታስክ ማናጀርን ክፈቺ፣ እሱም አብሮ ከተርገበገበ ድራይቨር ነው፣ እሱ ጸጥ ብሎ ሌላው ብቻ ከተርገበገበ የሆነ ፕሮግራም ነው የሚያስቸግርሽ። ድራይቨር ከሆነ ዲቫይስ ማናጀር፣ ፕሮፐርቲስ፣ ድራይቨር የሚለው ውስጥ ሮል ባክ አለ፣ ወደ ትናንቱ ይመልስሻል። ሮል ባክ ደብዝዞ የማይነካ ከሆነ የድሮው አልተቀመጠም ማለት ነው፣ ያኔ አንኢንስታል አርገሽ እንደገና መጫን ነው

ጣና_ዳር
ይሄኛው መልስህ ተመችቶኛል @ማርቆስ_አራዳ፣ ከራሙ ይሻላል 😄
@የዳንግላዋ ጭራሽ ዊንዶው ውስጥ መግባት ካልቻልሽ በሩ ላይ (ፓስወርድ የሚጠየቅበት) ሺፍት ይዘሽ ሪስታርት በይ፣ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፣ ከዛ 4ን ተጫኚ። ሴፍ ሞድ ነው፣ ዊንዶው በመነሻ ድራይቨር ብቻ የሚነሳበት፣ እዛ ሆነሽ ድራይቨሩን አንኢንስታል ማድረግ ትችያለሽ።

ቢቸና_ሰፈር
ሰዎች ዊንዶው 7 ላይ ብትመለሱ ይሻላችኋል በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያን መስታወት የመሰለ መልኩን የሚያክል የለም

ጣና_ዳር
የ7ቱ ኤሮም (መስታወት የመሰለው መልኩ) ቢሆን ድራይቨር ይፈልጋል፣ ድራይቨር ከሌለ እሱም ድፍን ነው። ስታርተር የሚባለው እትም ከሆነ ደግሞ ድራይቨር ቢኖርም መስታወቱ የለበትም፣ በከንቱ አትድከም። ለ7 የደህንነት አፕዴት ከቆመ በኛ ከ2012 ጥር ጀምሮ ነው፣ የሰው ፍላሽ ከየቦታው የሚሰካበት ጽሕፈት ቤት ላይ እሱን መልሶ መጫን አልደግፍም። 10ም ነጻ ድጋፉ 2018 ጥቅምት 4 ላይ አብቅቷል፣ እሱን ባንደብቃት ጥሩ ነው፣ ግን 2ኛ ትውልድ ላይ ዊንዶው 11 በወጉ አይቀበልም፣ ስለዚህ ለጊዜው 10 ላይ ሆና ሥራዋን ትስራ።

ፍኖተ_ጽሕፈት
ጎበዝ ተነሳልኝ!!! ኦፕሽናል አፕዴት ውስጥ ነው ያገኘሁት፣ በስልኬ ገመድ። አሁን ኢንቴል ኤችዲ ግራፊክስ 3000 ይላል፣ ሪዞሉሽኑ 1366 በ768 ሆኗል ሪኮሜንድድ ይላል ከጎኑ፣ ክቡ ክብ ሆነ፣ ብርሃኑም ይቀንሳል፣ ፋኑም ዝም አለ። ዋይፋዩንም አብሮ አወረደው። እግዜር ይስጥልኝ።
ግን ሦስት ነገር ቀረኝ። የታችኛው መስመር አሁንም ድፍን ነው። ፊደሉ ደግሞ ጫፍ ጫፉ የተቆራረጠ ነው በተለይ አማርኛው፣ ጸ እና ኘ እግራቸው ይሰባበራል። ፎልደር ውስጥም ፎቶዎቹ በምስላቸው አይታዩም ሁሉም አንድ አይነት አይከን ነው፣ ደንበኛ ሲመጣ ፎቶውን ለማግኘት አንድ በአንድ ስከፍት እውላለሁ

ጣና_ዳር
አሁን ያለው ድራይቨር አይደለም፣ ያስተካከለልሽ ሰው "እንዲፈጥንልሽ" ብሎ ኢፌክቱን በሙሉ አጥፍቶልሻል። ስታርት ላይ አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ ብለሽ ፈልጊ፣ ይከፈታል፣ ፐርፎርማንስ ከሚለው ስር ሴቲንግስ በይ። "አድጀስት ፎር ቤስት ፐርፎርማንስ" ላይ ነው ያለው አይደል? ከስሩ ያሉት ሳጥኖች ሁሉ ባዶ ሆነው ታያለሽ። ሁሉንም አትሙያቸው። ሦስት ብቻ ምልክት አርጊ፣ ስሙዝ ኤጅስ ኦፍ ስክሪን ፎንትስ (የፊደሉ ጫፍ እሱ ነው)፣ ሾው ተምብኔይልስ (ፎልደር ውስጥ ፎቶው በምስሉ እንዲታይ)፣ ሾው ዊንዶው ኮንተንትስ ዋይል ድራጊንግ። አኒሜትና ፌድ የሚሉትን ባዶ ተያቸው፣ ለ4 ጊጋ ራም ትንሽም ብትሆን ትረዳለች፣ ዓይንም አይጎድልበትም። አፕላይ።
አማርኛው አሁንም የሚቆራረጥ ከሆነ ክሊርታይፕ ብለሽ ፈልጊ፣ ናሙና ጽሑፍ እያሳየ የትኛው ይሻላል ይልሻል፣ የሚታይሽን እየመረጥሽ ጨርሺ። ሪዞሉሽኑ ትክክል ሳይሆን ብታደርጊው ትርጉም የለውም ነበር፣ አሁን ነው ጊዜው።
ለታችኛው መስመር ሴቲንግስ፣ ፐርሰናላይዜሽን፣ ከለርስ፣ እዛ ትራንስፓረንሲ ኢፌክትስ የሚለውን አብሪው። ባትሪ ላይ ሆነሽ ባትሪ ሴቨር ከበራ ራሱ ያጠፋዋል፣ መብራት ሄዶ በባትሪ ስትሰሪ ድፍን ሲል ተበላሸ ብለሽ እንዳታስቢ።

ፍኖተ_ጽሕፈት
ተስተካከለ፣ ፊደሉም ፎቶውም። መስመሩ ግን ቻርጀር ስሰካ ነው የበራው፣ ልክ እንዳልከው።
አንድ የመጨረሻ፣ ነገ ሌላ ቦታ ፎርማት ባደርገው እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ እንዳልገባ ምን ላርግ?

ቡሬ_ኔት
ድራይቨሮቹን በፍላሽ ያዣቸው። ሲ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ድራይቨርስቶር፣ እዛ ውስጥ ፋይልሪፖዚተሪ የሚል ፎልደር አለ፣ እንዳለ ኮፒ አርጊው (ትልቅ ነው ባዶ ፍላሽ ይሁን፣ ኮፒ እንጂ ከት እንዳታደርጊ!)። ከፎርማት በኋላ አፕዴት ድራይቨር ስትይ አውቶማቲክ የሚለውን ትተሽ ብራውዝ ማይ ኮምፒውተር በይና ያን ፎልደር አሳዪው፣ ኢንክሉድ ሰብፎልደርስ ላይ ምልክቱ ይኑር። ዊንዶው 10 ላይ ዊንዶው 10 ከሆነ ያለ ኢንተርኔት ይጭንልሻል፣ ባለ 64 ቢቱን በ32 ቢት ላይ ግን አይቀበልም

ጣና_ዳር
አዎ ይሄ ይሰራል። ፍላሹን ለጥገና ከላፕቶፑ ጋር አብረሽ እንዳትሰጪ ብቻ፣ ቤት አስቀምጪው።

ደጀን_ላይ
የኔ መስመር ባዮስ ላይም አለ 😩 ክዳኑን ሳንቀሳቅስ ይጠፋል ይመጣል። ባህር ዳር የት ሰፈር ነህ @ጣና_ዳር ገመዱን ታስተካክላለህ?

ጣና_ዳር
በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ስትመጣ ከላፕቶፑ ስር የተለጠፈውን ሞዴል ቁጥር በፎቶ ላክልኝ፣ ገመዱ እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ ቀድሜ ልፈልገው።