ካርታው ለመኖሪያ የሆነ ግቢ ውስጥ የእንጨት ስራ መክፈት ይቻላል? (ኮምቦልቻ)

አናጢው (ጠያቂ)፦
ሰላም ጀመዓው እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ፣ በተለይ ማዘጋጃ ቤት አካባቢ የምትሰሩ ወይ እንደኔ ወርክሾፕ የከፈታችሁ ካላችሁ። የእንጨት ስራ ነው የምሰራው፣ አልጋ ቁምሳጥን ምናምን፣ እስካሁን ሰው ጋ ተቀጥሬ ነበር አሁን ግን ከጓደኛዬ ጋ ሆነን የራሳችንን ልንከፍት ነው። ኮምቦልቻ አስፓልት ዳር 200 ካሬ የሆነ ግቢ አግኝተናል። ከመንገዱ ማዶ ጋራዥና ብረት መሸጫ አለ፣ በኛ በኩል ግን ግራና ቀኙም ጀርባውም ሰው የሚኖርበት ቤት ነው፣ ከጀርባ ካለው ቤት ጋ እንደውም ግድግዳ ነው የምንጋራው። የምናስገባው ሰርኩላር (እንጨት መቁረጫ)፣ ፕላነር (መላጊያ) እና ለቀለም የሚሆን ኮምፕረሰር ነው። አከራዩ ካርታው ለመኖሪያ ነው አለኝ ግን "ሰፈሩ ሁሉ ሱቅ ከፍቶ የለ እንዴ ማን ምን ይልሃል" ይላል፣ የአንድ አመት ኪራይ ደግሞ በአንዴ ካልሰጣችሁኝ ብሏል። ንግድ ፈቃድ ይሰጡናል ወይ? ለማሽን የሚሆን ስሪ ፌዝ ቆጣሪስ? ጎረቤት ቢከሰንስ ምን ይመጣል? ማዶ ያለው ጋራዥ ከተፈቀደለት እኛ ለምን እንከለከላለን የሚል ነገርም በውስጤ አለ።

ቀያሹ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ብሩን ግን ያዝ። አከራይህ "ማን ምን ይልሃል" ሲልህ የሚባለው አንተ ነህ እንጂ እሱ አይደለም፣ ኪራዩን ኪሱ ከቶ ይቀመጣል። እኔ ሌላ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ፕላን ላይ ሰርቻለሁ እና እንዴት እንደሚታይ ልንገርህ። ከተማው መዋቅራዊ ፕላን አለው፣ የከተማ ፕላን አዋጁ 574/2000 ነው፣ እዚያ ፕላን ላይ እያንዳንዱ ቦታ ለምን አገልግሎት እንደሆነ በቀለም ተለይቶ ይቀመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ ሀምራዊው ማምረቻ ነው፣ ከነዚህ ሌላ ቅይጥ የሚባል፣ ማለት መኖሪያና ንግድ አንድ ላይ የሚሆንበት አለ። የማዶው ጋራዥ አንተን አይመለከትህም፣ ብዙ ቦታ ላይ መንገዱ ራሱ ድንበር ስለሚሆን ከአስፓልቱ ወዲያ ያለው ንግድ ሆኖ ወዲህ ያለው መኖሪያ ሊሆን ይችላል። ጋራዡ ደግሞ ከፕላኑ በፊት የነበረ ወይ ጭራሽ ያልተፈቀደለት ሊሆን ይችላል፣ ያልተፈቀደለትን ሰው ማስረጃ አድርገህ ብትቀርብ የሚታሸገው እሱም ጭምር ነው።
ስለዚህ የካርታውን ኮፒ ከአከራይህ ተቀብለህ፣ ኮርዲኔቱ (ቦታው የት እንዳለ የሚያሳየው ቁጥር) በደንብ የሚነበበውን፣ የከተማው ፕላን ክፍል ሂድና ይህ ቦታ በፕላኑ ለምን አገልግሎት ነው፣ የእንጨት ወርክሾፕ ያስገባል ወይ ብለህ በጽሁፍ ጠይቅ። በቃል "ችግር የለውም" ካሉህ አትቁጠረው፣ ዛሬ ያለህ ባለሙያ ነገ ሌላ ቦታ ይዛወራል።

ሰኞ ገበያ ነኝ፦
የአንድ አመት ቅድሚያማ ህገወጥ ነው!! አዲሱ የኪራይ አዋጅ ከ2 ወር በላይ መቀበል አይቻልም ብሏል።

ቀያሹ፦
እሱ 1320/2016 ነው፣ እህቴ ግን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ነው የሚመለከተው፣ ይሄ ለንግድ ስራ የሚከራይ ስለሆነ እዚያ ውስጥ አይገባም። ያለው አማራጭ መደራደር ነው። ውሉ ላይ "ለዚህ ስራ የሚያስፈልገው ፈቃድ ካልተገኘ የተከፈለው ቅድሚያ ይመለሳል" የሚል አንቀጽ አስገባ። አከራዩ እምቢ ካለ እሱ ራሱ አንድ ነገር ያውቃል ማለት ነው።

የጀርባ ጎረቤት፦
እኔ የምጽፈው ከወዲያኛው ግድግዳ ነው። ደሴ ሆጤ አካባቢ ነው ቤታችን፣ ከኋላችን ልክ አንተ እንዳልከው አይነት የእንጨት ስራ ተከፍቶ ነበር። ሰርኩላሩ ሲነሳ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶ ይንቀጠቀጣል፣ ስልክ የምናወራው መንገድ ወጥተን ነው። እናቴ አንድ ቀን በርበሬ ሰሌን ላይ አስጥታ ወደ ቤት ገባች፣ ስትመለስ በላዩ ሰጋቱራ እንደ ዱቄት ተነፍቶበታል፣ በወንፊት ብታደርገው ምን ታደርገዋለህ ሁለቱም ደቃቅ ነው፣ ተደፋ። ከዛ በኋላ ነው አንድ ህግ የተማረ የቤተሰብ ልጅ የፍትሐ ብሔር ህጉን ቁጥር 1225 ያሳየን፣ ባለንብረት የሆነ ሰው በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምጽና በንዝረት ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ረብሻ በጎረቤቱ ላይ ማድረስ የለበትም ይላል። አቤቱታ አስገባን፣ ለወራት ተመላለስን፣ መጨረሻ ላይ መጥተው አሸጉት። የሚያሳዝነው ልጆቹ ደህና ልጆች ነበሩ፣ የታሸገውም የአንድ ሙሽራ አልጋ ተሰርቶ ሳይወጣ ነው፣ ሙሽራው መጥቶ እኛን በር ሲያንኳኳ የት እንደምገባ ጠፋኝ። እኛም ጎረቤት ጠልተን አይደለም እኮ። እዛ ቦታ ላይ መጀመሪያውኑ ባይፈቀድላቸው ኖሮ ሁላችንም እንድን ነበር።

ሽማግሌው፦
ልጄ እኔ የምመክርህ ጎረቤቶቹን ቀድመህ ቡና ጠጣ። ሶስቱንም ቤት ዙር፣ እንዲህ ልሰራ ነው ችግር አለው ወይ በል፣ ካልተቃወሙ አስፈርማቸው። ወሎ ውስጥ በሽምግልና ያላለቀ ነገር የለም።

ቀያሹ፦
ጋሼ እርስዎ ያሉት ለሰላም ጥሩ ነው፣ ይጠይቃቸውም፣ ቢሮ ውስጥም የጎረቤት ስምምነት አምጣ የሚሉበት ጊዜ አለ። ግን ፊርማው ፕላኑን አይለውጠውም። የፈረመው ሰው ቤቱን ቢሸጥ ወይ ቢያከራይ አዲስ የመጣው ያንን አያውቅልህም። የፕላን መልስ ይቅደም፣ ቡናው ከሱ ቀጥሎ።

ሽማግሌው፦
እሺ ተቀብያለሁ፣ ቡናውን ግን እንዳትተወው።

ሁለት ማሽን፦
እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ እዚሁ ሙያ ላይ ነኝ። ስለ ድምጹ ሰው አቅልሎ ነው የሚያየው። ሰርኩላር እንጨት ሲቆርጥ አጠገቡ ከቆምክ ወደ 100 ዴሲቤል ይደርሳል። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል ይላሉ የሚያውቁት፣ እና 1 ሜትር ላይ 100 ከሆነ 10 ሜትር ላይ 80 ነው ማለት ነው። ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ደረጃ ቀን 55 ማታ 45 ነው፣ ቀን የሚባለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ለንግድ አካባቢ ራሱ ቀን 65 ነው። 200 ካሬ ውስጥ የትኛው ጥግ ብታስቀምጠው ከጎረቤት ከ10 ሜትር ብዙ አትርቅም፣ ግድግዳ ይቀንሰዋል ቢባል እንኳን አንተ የምትጋራው ግድግዳ ንዝረቱን ወደዛ ቤት ነው የሚወስደው። ማሽኑ ስር ጎማ ማድረግ ንዝረቱን ያበርደዋል ድምጹን ግን አያጠፋውም።
ስሪ ፌዝ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። መብራት ሀይል የባለይዞታውን ስምምነት ይጠይቅሃል፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጭነት ካልቻለ ደግሞ ጠብቅ ነው። ለምጣድና ለቴሌቪዥን የተተከለ ትራንስፎርመር ላይ ሞተር ስታስነሳ የሰፈሩ መብራት ብልጭ ሲል ማን እንደሆነ በአንድ ቀን ያውቁሃል።

አናጢው (ጠያቂ)፦
ጀዛኩሙላህ ሁላችሁንም። የ80ውን ነገር ሳነብ ትንሽ ቀዝቀዝ አልኩ። እህቴ የበርበሬው ነገር በጣም አሳዝኖኛል፣ እኛም ጀርባችን ያሉት አንዲት አሮጊት እናት ናቸው። እሺ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ ንግድ ፈቃዱን በ"ፈርኒቸር ንግድ" አውጥተን ውስጥ ብንሰራስ? አንድ ሰው እንዲህ አድርግ ብሎኛል። ሁለተኛ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ትንሽ ቦታ አይሰጡም?

ሁለት ማሽን፦
ኢንዱስትሪ ፓርክ ሃሃ፣ ወንድሜ እሱ 2009 ላይ ሲመረቅ ለጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ኤክስፖርት ተብሎ ነው፣ አንተን በአንድ ሰርኩላር ሼድ አይሰጡህም። ለኛ አይነቱ ያለው ተደራጅቶ በስራና ክህሎት በኩል የሚሰጠው ሼድ ነው። ወረፋ አለው፣ መሃል ከተማም ላይሆን ይችላል፣ ግን ቦታው መጀመሪያውኑ ለማምረቻ የተያዘ ስለሆነ ማንም አያሽግህም፣ ስሪ ፌዙም አብዛኛውን ጊዜ ገብቶለታል። እኔ ራሴ እዛ ነው ያለሁት። ሰጋቱራውን እንኳን ሰዎች መጥተው በማዳበሪያ ይወስዱልኛል።

ቀያሹ፦
የ"ፈርኒቸር ንግድ" ነገር አታድርገው። ፈቃድ የሚወጣው በስራው አይነት ነው፣ መሸጥ ሌላ ማምረት ሌላ። የንግድ ቢሮው ሰው አድራሻህን ሊያረጋግጥ ሲመጣ ሰርኩላር ቆሞ ካየ ምን ልትለው ነው? ከፈቃድህ ውጭ ስትሰራ ከተገኘህ ደግሞ ጥፋቱ የፕላን ብቻ መሆኑ ይቀርና የንግድም ይሆናል።
ሌላ ሰው ያላነሳው አንድ ነገር አለ። በ624/2001 የህንፃ አዋጅ ላይ ህንፃዎች ሀ ለ ሐ ተብለው ይመደቡ ነበር፣ ፋብሪካና ወርክሾፕ ምድብ ሐ ውስጥ ነበር የሚገባው፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ህንፃ ጋ ማለት ነው። አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ነው ብለህ አትናቅ፣ ወርክሾፕ ነው ካልክ ጥያቄው ይበዛል። ስትሄድ አሁን በየትኛው አዋጅና መመሪያ እንደሚያስተናግዱህ እዛው ጠይቃቸው።
ካርታውንም እየው፣ ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግስት በውል ለተወሰነ አመት የተያዘ)? ሊዝ ከሆነ ውሉ ላይ ቦታው ለምን እንደተሰጠ ተጽፏል፣ በሊዝ ህጉ መሰረት አገልግሎቱን ለመቀየር ባለይዞታው አመልክቶ ሲፈቀድለት ነው። አመልካቹ አከራይህ ነው አንተ አይደለህም። ስለዚህ እሱ ቢሮ ሄዶ መፈረም ካልፈለገ ነገሩ እዛው አለቀ።

ዳቦ ቤት ያለኝ፦
ቲነርና ቫርኒሽ ያለበት ቤት ከመኖሪያ ጋ ግድግዳ ተጋርቶ እኔ አልወደውም። ሰጋቱራ ላይ አንድ ፍንጣሪ ቢያርፍ ውስጥ ለውስጥ ሲጨስ አድሮ ሌሊት ነው የሚነሳው። ለሁሉም እሳት ማጥፊያ ግዛ፣ የቲነሩን ጨርቅ አታከማች፣ ኮምፕረሰሩን ደግሞ ከሰርኩላሩ አርቅ።

አናጢው (ጠያቂ)፦
ሄጄ መጣሁ። ካርታው ሊዝ ነው። ፕላን ክፍል ያሉት ልጆች ኮምፒውተር ላይ አሳዩኝ፣ ከአስፓልቱ ጠርዝ ያለው የፊቱ ክፍል ቅይጥ ነው የኋላው ቢጫ ነው፣ ማለት ግቢው ለሁለት ተቆርጧል። ማሽን የሚገባበት ወርክሾፕ አይሆንም አሉኝ፣ ለሌላው ግን ባለይዞታው በማመልከቻ ይጠይቅ አሉ። አከራዩን ነገርኩት፣ መጀመሪያ ተቆጣ ከዛ እሺ እፈርማለሁ አለ፣ ኪራዩንም ወደ 3 ወር አውርዶታል። አሁን ያሰብነው ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ለመሸጫ፣ ማሽኑን ደግሞ እስክንደራጅ ድረስ በሰአት እየከፈልን ሰው ሼድ ውስጥ መጠቀም ነው። ቅይጡ ክፍል ላይ የተቆረጠ እንጨት አምጥተን መገጣጠም፣ በእጅ ድሪል መብሳት፣ በኮላ ማጣበቅ ይቻላል?

ቀያሹ፦
ይሄ ነው ጨዋታው። ማመልከቻው ላይ የምትሰሩትን ሁሉ ዘርዝሩ፣ "የቤት እቃ መሸጫና ማሽን የሌለበት መገጣጠሚያ" ብላችሁ፣ ዝም ብላችሁ "ሱቅ" ካላችሁ ድሪሉ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል። ስፕሬይ እዛ አታድርጉ፣ ሼዱ ጋ ጨርሳችሁ አምጡት። የምትጋሩት ግድግዳ ጋ ማጣበቂያ ጠረጴዛ አታስጠጉ፣ መዶሻ ትመታላችሁ አይደል።

ሁለት ማሽን፦
ሰርኩላር በሰአት ከፈለግክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ከሰአት በኋላ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ምላጩን ግን የራስህን ይዘህ ና።