ዘረ-መል የጠፋባቸው አይጦች ስለ ጨቅላ ሕፃን ሳንባ ምን ያስረዳሉ?

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ለመጣባት እናት ዴክሳሜታዞን የተባለውን ስቴሮይድ የምንሰጠው የሕፃኑ ሳንባ ቶሎ እንዲበስል ነው። ስለ አሠራሩ ሳነብ ግን «ይህ ዘረ-መል የጠፋባቸው አይጦች እንደተወለዱ ሞቱ» የሚል ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመኛል። የግልገሎቹ መሞት ብቻ ያ ዘረ-መል ሌሎቹን ይቆጣጠር እንደነበር እንዴት ሊያስረዳ ይችላል?

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ የባዮሎጂ መምህር

እህቴ፣ ሞቱ ብቻውንማ አያስረዳም፤ ዋናው ምርመራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከዘረ-መሉ ሁለት ቅጂዎች አንዱ ብቻ የጠፋባቸው ወንድና ሴት ሲዳቀሉ፣ ከግልገሎቹ ሩብ ያህሉ ሁለቱንም ቅጂዎች ያጣሉ ተብሎ ይጠበቃል። በ3 ሳምንታቸው፣ ጡት ሲጥሉ ተቆጥረው ከዚህ ሩብ አንድም ካልተገኘ፣ የሞቱበትን ጊዜ ለመለየት ሌላ እርጉዝ አይጥ ልትወልድ ጥቂት ሲቀራት ጽንሶቿ ወጥተው ይመረመራሉ። እዚያ ሩቡ በሕይወት ካለ፣ ችግሩ የተፈጠረው ከማኅፀን ከወጡ በኋላ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የጉበታቸውና የሳንባቸው አር.ኤን.ኤ (የትኛው ዘረ-መል ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው ሞለኪውል) አብረዋቸው ከተጸነሱት ጤነኞች ጋር ይነጻጸራል።

ሲ/ኢቢፒ-አልፋ የተባለውን፣ የሌሎችን ዘረ-መሎች ሥራ የሚያስጀምር ፕሮቲን እንመልከት። ይህ የሌላቸው ግልገሎች ጉበታቸው ግላይኮጅን የተባለውን የስኳር ስንቅ ስላላጠራቀመ፣ እትብቱ ሲቋረጥ የደማቸው ስኳር አሽቆልቁሎ በ8 ሰዓት ገደማ ውስጥ ይሞታሉ። ግላይኮጅን የሚሠራውንና ግሉኮስ የሚያመርቱትን ኢንዛይሞች የሚያዙት ዘረ-መሎችም በጉበታቸው ውስጥ ደክመው ተገኝተዋል።

መልስ፦ ከደሴ፣ የሕፃናት ሐኪም

መምህሩ ባሉት ላይ ከዴክሳሜታዞኑ ጋር በቀጥታ የሚገናኘውን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ጥናት፣ የኮርቲሶል (ሰውነት ራሱ የሚሠራው ስቴሮይድ) መመረትን ከአንጎል የሚያስጀምረው ሆርሞን ዘረ-መል ተሰረዘ። እናትም ግልገልም ሲያጡት፣ ግልገሎቹ ሳንባቸው በወጉ ሳይበስል ተወልደው በ12 ሰዓት ውስጥ ሞቱ፤ እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ስቴሮይድ ስትሰጥ ግን ተረፉ። ለእኔ ከሞቱ ይልቅ ያሳመነኝ ይህ መትረፍ ነው፤ የጎደለው ምን እንደሆነ የሚያረጋግጠው እሱን መልሶ መተካቱ ነውና። ስቴሮይዱን የሚቀበለው ፕሮቲን ራሱ ሲጠፋም አብዛኞቹ በተወለዱ በሰዓታት ውስጥ በመተንፈስ ችግር ይሞታሉ።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የአይጥ ግልገል ሲወለድ ሳንባው ገና የአየር ከረጢቶቹን አልሠራም፤ የሰው ልጅ ግን ቀኑ ሞልቶ ሲወለድ ሥራውን ጀምሮታል። ስለዚህ መጠኑንና ጊዜውን ከአይጥ ወስደን ለእናቶቻችን አናውልም፤ ሕክምናውም የቆመው ተመራማሪዎቹ ሊጊንስና ሃዊ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት፣ በእናቶች ላይ በተደረገ ጥናት ላይ ነው።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ የባዮሎጂ መምህር

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ክሬ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ዘረ-መሉን ከአንድ ዓይነት ሕዋስ ብቻ መሰረዝ ይቻላል። ተቀባዩ ፕሮቲን ከሳንባው ደጋፊ ህብረ ሕዋስ ሲሰረዝ ግልገሎቹ ሲወለዱ ይሞታሉ፤ የአየር ቧንቧውን ከሸፈኑት ሕዋሳት ብቻ ሲሰረዝ ግን ብዙዎቹ ይተርፋሉ። እህቴ፣ የምትሰጡት መድኃኒት ትእዛዙን በዋናነት የሚያስተላልፈው በዚያ ደጋፊ ህብረ ሕዋስ በኩል ሳይሆን አይቀርም።