የእርግዝና መከላከያ ተጠቃሚው ሲበዛ የወሊድ መጠኑ ለምን በዝግታ ወረደ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ አንድ ተማሪ ላነሣብኝ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ሳልሰጥ ቀርቻለሁ። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕዝብ ፖሊሲ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸውን ልጆች ቁጥር እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ ዐቅዶ ነበር። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች እንደሚያሳዩት ካገቡ ሴቶች መካከል የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት በ2000 እ.ኤ.አ. ከመቶ 8 ነበሩ፤ በ2016 ግን 36 ደርሰዋል። በዚሁ ጊዜ የወሊድ አማካዩ የወረደው ከ5.5 ወደ 4.6 ነው። ተጠቃሚው ከአራት እጥፍ በላይ አድጎ ሳለ ወሊዱ አንድ ሙሉ ልጅ እንኳ ያልቀነሰው ለምንድን ነው?

መልስ 1፦

መምህር፣ በገጠር ጤና ጣቢያ ለዓመታት ስላገለገልኩ ካየሁት ልነሣ። መከላከያ የሚወስዱ እናቶች ሁሉ መውለድ ለማቆም የመጡ አይደሉም፤ ብዙዎቹ የሚፈልጉት ማራራቅ ነው። አብዛኛው ተጠቃሚ የሚመርጠው ደግሞ የሦስት ወሩን መርፌ ስለሆነ፣ አንድ ቀጠሮ ሲያልፍ፣ ወይም ጤና ኬላው መድኃኒት ሲያልቅበት፣ ያልታሰበ እርግዝና ሊመጣ ይችላል።

ከማልረሳቸው እናቶች አንዷ ሁልጊዜ በገበያ ቀን ነበር የምትመጣው። ዘንቢሏን ከበሩ ሥር አስቀምጣ መርፌዋን ትወስድና የቀጠሮ ካርዷን መልሳ ለእኛ ትሰጠን ነበር፤ አማቷ እንዳያገኙባት። ካርዱ እኛ ዘንድ ስለሚቀር ቀጠሮዋን የምትቆጥረው በገበያ ቀን ነበር፤ አንድ ጊዜ ተሳስታ ዘግይታ ስትመጣ አርግዛ አገኘናት። በሪፖርታችን ግን ያው ተጠቃሚ ነበረች።

መልስ 2፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን 4.6 የሚለው አማካይ ራሱ ብዙ ነገር ይሸፍናል። በ2016ቱ ዳሰሳ የአዲስ አበባ አማካይ 1.8፣ የሶማሌ ክልል 7.2 ነበር። የአዲስ አበባው ቁጥር በ2000ም ከሁለት በታች እንደነበር ልብ ይበሉ፤ ይህን ያመጣው መከላከያ ብቻ አይደለም፤ ትዳር መዘግየቱ፣ የሴቶች ትምህርትና የመኖሪያ ቤት ችግርም ድርሻ አላቸው። በአገር ደረጃ ግን ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17 ዓመት ከጥቂት ወር ሳይሞላቸው ነው፤ የቤተሰብ ሕጉ ዝቅተኛ የጋብቻ ዕድሜ 18 መሆኑ እየታወቀ።

ለተማሪዎ በሰሌዳ ላይ ይህን ያሳዩት፦ ስድስት ልጆች የወለደች እናት ሦስት ሴቶች ልጆች ቢያድጉላት፣ እነርሱም አራት አራት ብቻ ቢወልዱ፣ ስድስቱ በአንድ ትውልድ ዐሥራ ሁለት ይሆናሉ። ልጆች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው መጨመሩም አለ፤ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2000 ከሺህ 166 ነበሩ፣ በ2016 ወደ 67 ወርደዋል። የወሊድ መጠን ቢወርድም ሕዝቡ የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠያቂው፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ የሰሌዳውን ስሌት ነገ እሠራበታለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ መውለድ ሳይፈልጉ መከላከያ የማይጠቀሙ ሴቶችስ ምን ያህል ናቸው? ምክንያቱስ የአቅርቦት እጥረት ብቻ ነው?

መልስ 1፦

በ2016ቱ ዳሰሳ ካገቡት ከመቶ 22 ያህሉ ማራራቅ ወይም ማቆም ፈልገው መከላከያ አይጠቀሙም ነበር። አቅርቦት አንዱ ምክንያት ነው። እኔ በብዛት የሰማሁት ግን የጎንዮሽ ጉዳት ፍርሃት ነው፤ በመርፌው ምክንያት የወር አበባ ሲቀር «ደሙ የት ሄደ?» ብለው የሚጨነቁ ብዙ ናቸው። ይህ አስቀድሞ የተነገራት ሴት በቀጠሮዋ ትመለሳለች፤ ያልተነገራት ደንግጣ ትተወዋለች። ወረፋው በበዛበት ቀን ደግሞ መጀመሪያ የሚቀረው ይኸው ምክር ነው።