የአሳማ ሽንጥ በአፕል፦ ሥጋው ይሰምራል፣ አፕሉ ይላሽቃል

ሰላም። እዚህ አሜሪካ ለአረጋውያን እራት ቅባትና ጨው የቀነሰ የአሳማ ሥጋ በአፕል በአንድ መጥበሻ እሠራለሁ። ሥጋው አጥንት የሌለው ሽንጥ ነው፤ 4 ቁራጭ፣ ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር። መጥበሻው ከባድ ብረት፣ 30 ሴንቲ ሜትር። 1 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ 1 ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ጣፋጭ አፕል («Gala» የሚባለው ዓይነት)፣ ግማሽ ኩባያ ጨው የሌለው የዶሮ መረቅ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የአፕል አቼቶ፣ ትንሽ የጥብስ ቅጠል።

ሥጋው አያስቸግረኝም። በደንብ አድርቄ በጋለው መጥበሻ እያንዳንዱን ጎን 4 ደቂቃ ያህል እጠብሳለሁ፤ መሃሉ 145 ፋራናይት ሲደርስ አውጥቼ 3 ደቂቃ አሳርፈዋለሁ። (የጨው ውሃ የተወጋውን አልገዛም፤ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ውሃውን ስለሚለቅ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።)

ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሽንኩርቱ ላይ አፕሉን ጨምሬ መረቁን ሳፈስበት፣ መረቁ እስኪወፍር አፕሉ ገንፎ ይሆናል። ቶሎ ካወረድኩት ደግሞ መረቁ ቀጥኖ ሳህኑ ላይ ይፈሳል፣ ሥጋውን አይዝም። አፕሉን ወፈር አድርጌ ስቆርጠው ዳር ዳሩ ይፈርሳል፣ መሃሉ ጥሬ ይቀራል። ግራኒ ስሚዝ በሚባለው ኮምጣጣ አረንጓዴ አፕል ስቀይረው ቅርጹን ያዘ፤ ግን ከአቼቶው ጋር ጥርስ የሚያጠርስ ሆነ። የበቆሎ ስታርች መረቁን ያወፍረዋል፣ ጣዕሙን ግን ያደበዝዘዋል።

ቅቤ፣ ስኳርና ዱቄት ሳልጨምር መረቁ እንዲወፍር፣ አፕሉም ሳይፈርስ እንዲበስል፣ አፕሉን መጀመሪያ ለብቻው ጠብሼ ላውጣው ወይስ መረቁ በግማሽ ከጎደለ በኋላ ልጨምረው?