«በረዶውን እንስበር» ሲሏችሁ

ጅማ ከመጣሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ወደ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ስለምትሄድ ማታ ማታ አብረን እንግሊዝኛ እናጠናለን። ትናንት «ብሬክ ዘ አይስ» ላይ ስንደርስ ቃል በቃል «በረዶውን መስበር» ብላ ተረጎመችው፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባትም። እንዴትስ ይግባት? ጅማ ላይ በረዶ ማለት ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ወዲያው ግቢው ውስጥ የሚሟሟው ነው። ማን ይሰብረዋል?

እኔም አሜሪካ በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የገጠመኝ ይኸው ነበር። ወሩ ጥር ነው፤ የመኪና ማቆሚያው በሙሉ በረዶ ለብሷል። አሠልጣኛችን «በረዶውን በመስበር እንጀምር» ስትል ወጥተን የምንጠርግ መስሎኝ ጓንቴን አነሣሁ። የሳቀብኝ አልነበረም፤ ያስረዳኝም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ከእናንተ አንድም ሰው እንደዚያ እንዲቀመጥ አልፈልግም።

አነጋገሩ የመጣው ውሃው በብርድ ከሚጠጥርበት አገር ነው። ወንዙ በበረዶ ሲዘጋ መርከብ አይንቀሳቀስም፤ ቀድሞ እየሰበረ መንገድ የሚከፍት ያስፈልጋል፣ ሌሎቹ ይከተሉታል። በእንግሊዝኛ ከ400 ዓመት በላይ ኖሯል። በፊት አስቸጋሪን ሥራ ቀድሞ መጀመር ማለት ነበር፤ ኋላ ግን በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ያለውን መተፋፈር ማስወገድ ሆነ።

እኛ ይህን የምናደርገው በቡና ነው። አቦሉ እስኪቀዳ እንግዳው «የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው?» ይባላል፤ ቶናው ሲደርስ ቤተኛ ሆኗል። እዚያ ግን ጎረቤት ቡና ጠጡ ብሎ አይጠራችሁም። ደግሞም እኛ ዘንድ በእንግዳ ፊት ዝም ያለ ሰው ጨዋ ነው፤ እዚያ ዝምታችሁን እንደ ኩርፊያ ሊያዩት ይችላሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ስንቱ መልካም ሰው አክብሮ ዝም ባለ ኩሩ ተባለ! ስለዚህ ቀድማችሁ ተናገሩ። «ዛሬ ብርዱ በረታ» ማለት ይበቃል። ደመወዝ፣ ዕድሜ፣ ለምን እንዳላገቡ ግን በመጀመሪያው ቀን አትጠይቁ።

በሥልጠናና በትምህርት ቤት ደግሞ «አይስብሬከር» የሚሉት ጨዋታ አለ። አንዱ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ ሁለት እውነትና አንድ ውሸት ይናገራል፤ ሌሎቹ ውሸቱን ይለያሉ። የእህቴ ልጅ በመጀመሪያ «በማላውቀው ሰው ፊት እንዴት እዋሻለሁ?» ብላ ተጨነቀች። ጨዋታ መሆኑን ሁሉም እንደሚያውቅ ነገርኳት። ጥቂት አስባ በእንግሊዝኛ ጀመረች፦

«ቡና ማፍላት የተማርኩት ከአንድ ግንድ በተጠረበ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይቻለሁ። ቡና አልወድም።»

የመጨረሻዋን በአማርኛ ስትደግምልን እናቷ ከጀበናው ቀና ብላ «ምን አልሽ?» አለቻት።